ጀርባ የማይሰጥበት አዳራሽ

ልጅ ሳለሁ ንጉሥ ማለት ጫማ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የአባባ በየነ ነው። ሌሎች ተረት ነጋሪዎች ንጉሡን ከዘውዱ ሲጀምሩ እሳቸው ከእግሩ ይጀምሩ ነበር። በእሳቸው ተረት ውስጥ የደጃዝማቹ ጫማ ሲራመድ ይጮኻል፤ የንጉሡ ምንጣፍ በግራ በኩል ተበልቷል፤ ምሕረት ለመለመን የመጣው ባላገር ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ንጉሡ ሲቆጣ ፊቱ አይጠቁርም፣ የቀኝ እግሩ ጣት ጫማው ውስጥ ይንቀሳቀሳል እንጂ።

አባባ በየነ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ነፋስ ስልክ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ፣ ጥግ ላይ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያኔ የደርግ ዘመን ነው፤ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው በጊዜ ይከተታል፣ መብራትም ደስ ባለው ሰዓት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ እናቴ ኩራዙን ትለኩስና «ሂጂ አባባን ጥሪያቸው፣ በጨለማ ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ?» ትለኛለች። መጥተው ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ በቆሎው እስኪጠበስ ፍሙን በስንጥር እየቆሰቆሱ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ያንን የጫማ ዓለም ያወሩልኝ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ ወጣ ባለችበት ሰዓት ብቻችንን ሆንን። ሲከነክነኝ የሰነበተውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ የንጉሡ ምንጣፍ በግራ በኩል መበላቱን በምን አወቁ?»

ስንጥሩን አስቀመጡና በሩን አዩ። «እኔ ነበርኩ የማነጥፈው» አሉ።

ከሃያ ዓመት በላይ የቤተ መንግሥት ምንጣፍ አንጣፊ ሆነው ኖረዋል። አንጣፊ ቀና አይልም፤ ስለዚህ መኳንንቱን ሁሉ በጫማቸው ነበር የሚለዩአቸው። «ከዙፋኑ ፊት ስትወጪ ደግሞ ጀርባ አይሰጥም፤ ወደ ኋላ እየተራመድሽ ነው የምትወጪው» አሉኝ። «ዙፋኑ ባዶም ቢሆን። ሌሊት ማንም በሌለበት አንጥፌ ስጨርስ እንኳ እንደዚያው ነበር የምወጣው። እግሬ በራሱ ጊዜ ለመደው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ለውጡ ሲመጣ ያንን ሁሉ ዘመን ደብቀው፣ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ ብለው ነው በዘበኝነት የተቀጠሩት። ያኔ «የቤተ መንግሥት ሰው» መባል ከሥራ ሊያስባርር፣ ክፉ ቀን ከሆነም ሊያሳስር ይችል ነበር። ልጅ ብሆንም ይህ ይገባኝ ነበር።

ምስጢሩን ጠበቅሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ።

የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን መምህር አስናቀ ይባላል። ድመትን ሳይቀር «ጓድ» ብሎ የሚጠራ፣ የማይስቅ ወጣት ነበር። አንድ ጠዋት በመጪው ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተን የድሮውን ቤተ መንግሥት እንደምናይ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው ግን እንደሚያስፈልገው ነገረን። እኔ ቅብጥብጧ እጄን አወጣሁ።

«አባባ በየነ ይሂዱ! ስለ ቤተ መንግሥት ሁሉንም ያውቃሉ!»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ጓድ ጥበቃ? ከየት አወቁ?»

«ከ... ከተረት» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አልነበረውም። መምህሩ ጠመኔውን መልሶ አነሳና «ጥሩ፣ ይምጡ» አለ።

ማታ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «እንግዲህ እሄዳለሁ፤ ብቀር ይብስ ያጠራጥራል» ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዳቦና የፕላስቲክ ኮዳችንን ይዘን በኪራይ አውቶቡስ ከከተማው ደቡብ ጫፍ ወደ ሰሜን ጫፍ ሄድን። ልጆቹ ይዘፍናሉ፤ አባባ በየነ ከሹፌሩ ኋላ፣ የዘበኛ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። እኔ ማጅራታቸውን እያየሁ፣ ዛሬ አንድ ነገር ከአፋቸው እንዳያመልጥ በልቤ እለምን ነበር። አፋቸውን ነበር የፈራሁት።

ቤተ መንግሥቱ ጋ ደረስን። ወርቅ ስንጠብቅ በኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ጠበቀን። «ይሄ ነው እንዴ? የኛ ቀበሌ አዳራሽ አይበልጥም?» አለ አንዱ። መምህር አስናቀ ስለ መኳንንቱ ቅንጦት ያዘጋጀው ንግግር ለትልቅ ቤት የተሰፋ ነበርና ለዚያች ቤት ሰፋት፤ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቋረጠው። ወደ አዳራሹ ገባን። ባዶ ነው። ምንጣፍም ዙፋንም የለም፤ መምህሩ ብቻ በእጁ ጠቁሞ «ዙፋኑ እዚህ ነበር ይባላል» አለ። አባባ በየነ ቆባቸውን አወለቁ። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ስንት ክንድ ምንጣፍ እንደሚፈልግ በልባቸው የሚለኩ ይመስሉ ነበር።

«ተሰለፉ፣ እንውጣ» ሲባል ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። እሳቸው አልዞሩም።

አንገታቸውን ደፍተው፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዱ። ለካ ከአፋቸው ይልቅ እግራቸውን መፍራት ነበረብኝ። «እዩ፣ አባባ ወደ ኋላ ይሄዳሉ!» ብሎ አንዱ ሳቀ። መምህር አስናቀ ዘወር አለ፤ ዓይኑ እሳቸው ላይ ተተከለ።  የማደርገው ጠፍቶኝ «ጨዋታ ነው! ሳይወድቅ በሩ ጋ የሚደርስ ያሸንፋል!» ብዬ ጮህኩና እኔም ወደ ኋላ መራመድ ጀመርኩ። ልጅ ለጨዋታ ሁለት ጊዜ አይለመንም። በአንድ አፍታ አዳራሹ ወደ ኋላ በሚሄዱ፣ በሚጋጩና በሚንከተከቱ ልጆች ተሞላ። በዚያ ግርግር መሀል መምህሩ ልጆቹን እየገፋ ወደ አባባ በየነ ሲሄድ አየሁት፤ ክንዳቸውን ያዘ። ከዚያ ተደናቅፌ ወደቅሁና ሌላውን አላየሁም።

ቀና ስል በሩ ጋ ደርሰዋል። ሁሉን «ጓድ» እያለ የሚጠራ ያ ሰው፣ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«አባባ፣ ከዚህ በኋላ ደረጃ ነው፤ ያዳልጣል። አሁን ይዙሩ።»

ከዚያ ልጆቹን ቆጥሮ ወደ አውቶቡሱ ወሰደን። እኔ ግን አላመንኩትም። ሳምንታት ሙሉ የግቢያችን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀበሌ እሳቸውን ሊጠራ የመጣ እየመሰለኝ ስባንን ሰነበትኩ። ማንም አልመጣም።

እንደገና መብራት በጠፋ ምሽት አባባ በየነ ፍሙን እየቆሰቆሱ «ያን ዕለት የመምህርሽን ጫማ አይተሻል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ወድቄ ነበር።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ሶሉ አልቆ በጎማ ያስጠገነው ነው። ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሲሸኘኝ ያ ጫማ አልዞረም። ከጎኔ ሆኖ እንደኔው ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የወጣው።» ከዚያ በቆሎውን ገምሰው ትልቁን ግማሽ ሰጡኝ።

አባባ በየነ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ። ዛሬ የነገሥታቱ ግቢ ለጎብኚ ተከፍቷል፤ በእረፍት ቀን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። እሷ «እማዬ፣ ጣሪያውን እዪ!» ትለኛለች፤ እኔ ምንጣፉ በየት በኩል እንደተበላ እፈልጋለሁ። ለረጅም ዘመን ያ መምህር በስውር ንጉሡን ይወድ ነበር ብዬ አስብ ነበር። አሁን በእሱ የያኔ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ሳይ እንደዚያ አይመስለኝም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ንጉሥም ዙፋንም አልነበረም፤ አንድ የፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። መምህር አስናቀ ጀርባውን ያልሰጠው ለእሳቸው ነው።