«አልመጣም» ያልኳቸው ደብዳቤ

ጎሮ፣ እኛ መንደር ውስጥ፣ ኢሜይል ያላት እኔ ነኝ። ወጣቶቹማ ሁሉም ስልካቸው ላይ አላቸው፤ ስልኩን ሲገዙ ባለ ሱቁ ከፍቶላቸዋል፣ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ የሥራ ማመልከቻ ላይ «ኢሜይል» የሚል ባዶ ቦታ ሲመጣ «የእሷን ጻፊ፣ ቢሮ ነው የምትሠራው» ይባላል። እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም። ምን እደብቃለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ኮራ ብዬ ፊደል በፊደል አስጽፋቸዋለሁ።

ጉዱ ግን እኔ ራሴ ኢሜይሌን አልከፍትም። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ባለው ቢሮዬ ቀኑን ሙሉ ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ፣ ቤት ገብቼ የግሌን ማየት ያንገሸግሸኛል። ያልተከፈተው አሥራ አንድ ሺህ አልፎ ነበር። የቅናሽ ማስታወቂያ፣ የባንክ መልእክት፣ አንዴ ተመዝግቤ የረሳሁት ሥልጠና፣ ምኑ ቅጡ! ያቺ ቀይ ቁጥር ስታድግ እያየሁ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከእኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ ገና የእርሻ መሬት ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። የመጨረሻ ልጃቸው በነርስነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ማስታወቂያ ሲያወጣ የእኔን ኢሜይል ሞልታ አመለከተች፤ የተመረጡትን የሚጠሩትም በኢሜይል ብቻ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ እማማ ከታክሲ ስወርድ መንገድ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር።

«ልጄ፣ የዚያች ነገር እንዴት ሆነ? አልመጣም?»

«አልመጣም እማማ። በየቀኑ አያለሁ፤ እንደመጣ ሮጬ ነው የምነግርዎት።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ! አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ዛሬ ማታ አየዋለሁ እላለሁ፤ እራት ቀርቦ ሲነሣ ይረሳኛል። እሳቸው ደግሞ «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺን ባናገኝ ምን እንሆን ነበር» ብለው ይመርቁኛል። ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀብዬ እገባ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ «ሞልቷል፣ አዲስ መልእክት አይገባም» አለኝ። ተናደድኩና ቁጭ ብዬ ማጥፋት ጀመርኩ። ሃምሳ ሃምሳውን እየመረጥኩ ድምጥማጡን ሳጠፋ፣ መሃል ላይ የሆስፒታሉን ስም አየሁ። የልጅቷ ፈተና «ነገ ነው» ብሎ የሚያስታውስ የቆየ ደብዳቤ ነው፤ ያልቀረበ አመልካች ዕድሉን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ከሥሩ የመጀመሪያው ጥሪ አለ። ፈተናው ካለፈ አንድ ወር ሆኖታል። ጥሪው ከገባ በኋላ እንኳ ቢያንስ አራት ጊዜ «አልመጣም» ብያቸዋለሁ።

ይህን ስናገር አሁንም ፊቴ ይቃጠላል፦ ሁለቱንም አጠፋኋቸው። ከቅናሽ ማስታወቂያው ጋር ደባልቄ። ማን ያውቃል? መልስ ሳያገኝ የቀረ አመልካች በዚህ አገር ስንቱ ነው ብዬ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ሳሙና ውስጥ እያለ ልጅቷ በበራችን ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንዴት አደሩ?» አለችኝ። አላስቻለኝም። ደብዳቤዎቹን ከተጣሉት መሃል መልሼ አወጣሁና፣ የራሰ ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር ቤታቸው ሄድኩ።

እናትና ልጅ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጥቶ ነበር» አልኩ።

«ጠሯት? ልጄን ጠሯት?» ብድግ ብለው ሁለት እጄን ያዙኝ። «ተመስገን! እኔ እኮ ብያለሁ!»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

«ፈተናው አልፏል እማማ። ካለፈ አንድ ወር ሆኖታል።»

ልጅቷ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። «መቼ ነው የገባው?» አለች። ቀኑን ነገርኳት። ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያኔ ስትጠይቂያቸው አልነበር እንዴ?»

እማማ እጄን እንደያዙ ተቆጧት። «ዝም በይ! እሷ ምን ታድርግ? በየቀኑ ስታይልሽ አይደል የከረመችው? ዘግይቶ ደርሶ ይሆናላ!»

ማምለጫውን ራሳቸው ሰጡኝ። አዎ ብል ያልቅ ነበር፤ አዎ ልልም አፌን ከፍቼ ነበር።

«አላየሁም እማማ» አልኩ። «አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እጄን ቀስ ብለው ለቀቁትና ተመልሰው ተቀምጠው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።