ከሮም አንድ በረራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ጾም በመጣ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ የገደፍኩትንም እዘረዝርና ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ ሰግጄ፣ እንደ ንጹሕ ሰው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ወዳለው ቤቴ እመለሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። መሸከሙ ስላቃተኝ ነው።

የባለቤቴ እናት ሊሞቱ ሲሉ የልጃቸውን ድምፅ እንዳሰማቸው ለመኑኝ። ከለከልኳቸው። በደሌ ይህ ነው።

ያኔ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና እየተቀበልኩ አቆም ነበር። የሰው ሻንጣ ሲወርድና ሲጫን እያየሁ፣ እኔስ አንድ ቀን ቁልፌን ለሌላው ሰጥቼ የምገባ እንግዳ አልሆንም? እል ነበር። ጣሊያንን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ትዕግሥት “ለእረፍት ከሆነ እማዬ ጋ እንሂድ” ብላኝ ነበር። “እሱ ለከርሞ ይደርሳል” አልኳት። ልጃችንን እህቴ ጋ ትተን ሄድን።

ፍሎረንስ ላይ ትዕግሥት ካቴድራሉ ደጃፍ ሰልፍ ይዛ፣ እኔ ከግድግዳው ሥር ጥላ ይዤ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእሷ ስልክ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም ነበር። የደወሉት እናቷ፣ እማማ በላይነሽ ናቸው።

“ልጄ፣ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። ወንድሟ ሽርሽሯን አትረብሹባት ስላለ፣ ተደብቄ በነርሷ ስልክ ነው የምደውለው። ያላችሁበት አገር ለእኛ ቅርብ ነው ይላሉ፤ ብትመጣልኝ። ካልሆነም ድምጿን ብቻ አሰማኝ።”

ትዕግሥት ብጠራት በምትሰማኝ ቦታ ነበረች። እንዲያውም ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ “ተኝታለች እማማ፤ ስትነሳ አስደውላታለሁ” አልኩ። መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ አሜን እያልኩ ተቀበልኩት።

ለምን? ያንን ድምፅ ከሰማች እንደማትቀመጥ አውቃለሁ። ከሮም አዲስ አበባ አንድ በረራ ነው፤ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት መድረስ ነው። በማግስቱ ግን መኪና ተከራይተን ወደ ቶስካና ገጠር ልንወጣ ነበር። ያንን ኮረብታ፣ ያንን የወይን እርሻ ላያቸው ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። እማማ ስንቴ ታመው ስንቴ ድነዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ እሷው ራሷ “ለእማዬ ልደውል፣ ስልክህን አምጣው” ስትለኝ፣ “ኔትወርኩ እምቢ ብሏል” አልኳት። የመጀመሪያውን ውሸት ደንግጬ ነው እንበል። ሁለተኛውንስ ምን ልበለው?

ቶስካና ላይ ፎቶ አነሳኋት። ነፋሱ ነጠላዋን ሲወስድባት እየሳቀች ነው። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ።

ቬኒስ ስንደርስ ወንድሟ ጌታቸው ደወለልኝ። እማማ አርፈዋል። “መንገደኛ ናት፤ እቤቷ ገብታ ሰው ተሰብስቦ ያርዳት፤ እስከዚያ እንዳትነግራት” አለኝ። ልማዳችን ነው፤ መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ጌታቸው ሳያውቅ መሸሸጊያ ሰጠኝ።

ኦሮራ በገባን በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ መጥተው አረዷት። “ድምጿን እንኳ ሳልሰማ!” እያለች ደረቷን መታች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። አንድ አዛውንት ትከሻዬን ይዘው፣ “ጨዋ ልጅ ነህ፤ ሐዘኑን ብቻህን ተሸክመህ አደረስካት” አሉኝ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ትዕግሥትም እጄን ሳመችና፣ “እኔ እንዳልሰበር ብለህ ብቻህን ተጨነቅክ አይደል?” አለችኝ። አዎ አልኳት። በሰረቅኩት ላይ ምስጋና ጨመርኩበት።

በኋላ ጌታቸው በስልክ ሲያጫውታት፣ እማማ በመጨረሻዎቹ ቀናት የማንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይሉ ነበር አላት። ማንን ይጠብቁ እንደነበር ማንም አላወቀም። አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እያደር ጨለመ። ባለፈው እሑድ ልጃችን ማህሌት፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ለጋብቻ በዓላችን ስጦታ ይዛ መጣች። “ማሚ፣ ዳዲ፣ ሰርፕራይዝ! ኢታሊ ቡክ አድርጌላችኋለሁ! አጌን!” ዳግም ጣሊያን ልትልከን መሆኑን ስትሰማ ትዕግሥት እልል አለች። ከዚያ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ በጣቷ ስትሄድ ስትመለስ ቆየች።

“ከሮም አዲስ አበባ እኮ አንድ በረራ ነው። በዚያው የእማዬን መቃብር እናያለን።” ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን አየችው። “ይሄን ያህል ቅርብ ነበርን እንዴ? አንተ ታውቅ ነበር?”

“ኧረ አላውቅም ነበር” አልኳት።

የድሮ በደል የምናዘዝ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ለካ እሑድ ዕለትም በድያለሁ። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም፤ ምሕረቱ የእናንተ አይደለም፤ የሁለት ሴቶች ነው፣ አንዷ ደግሞ የለችም። ሌላዋ እዚያ ክፍል ውስጥ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው፤ ለመቃብሩ የምትለብሰውን ጥቁር ነጠላ ስታጥፍ ከዚህ ትታየኛለች። ማታ እነግራታለሁ። ፍሎረንስም ላይ ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።