ለቅሶው የገባበት ቤት

ከመሀል ከተማው ቤታችን የወጣን ዕለት ማታ ባለቤቴ በሩን ቆለፈው። በማግስቱ እንደሚፈርስ እያወቀ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆኜ ሳቅሁበት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅሁም።

አቃቂ የሰጡን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የድሮ ሰፈሬ ሰዎች፣ እንዴት ነው እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው፣ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ ነፋሱ ግን ፈረቃ የለውም። እዚያ የእናንተ ሽሮ ሲንተከተክ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። እዚህ በሩ ሁሉ ቡናማ ብረት ነው፣ ሁሉም ተዘግቶ ይውላል። ባለቤቴ ራሱ በሩ ጠፍቶት የሰው በር ለመክፈት ሲታገል አግኝቼዋለሁ።

ዕቃችንን ፈትተን ሳንጨርስ ሞተ። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሻይ ጠየቀኝ፤ ይዤ ስመለስ የለም። ያን ሻይ የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም።

ከቀብር መልስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እናስተክል ስንል የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ መጡ።

«የመኪና ማቆሚያ ነው፣ እህቴ።»

«መኪና የለም እኮ።»

«ወደፊት ሊኖር ይችላል።»

እቤቴ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ የተበተናችሁት ሰዎች ሳትሰሙ፣ ብትሰሙም ቤቱን ሳታገኙት ቀርታችሁ፣ ሰው እንደሌለው ሳይለቀስለት እንዳይቀር።

በማግስቱ ማለዳ ከታች ጩኸት ሰማሁ። መጡልኝ አልኩ። ጩኸቱ ግን ወደ እኔ አይወጣም፣ እዚያው ቆሟል። የሚጠራውም የባለቤቴን ስም አይደለም።

«ገመቹ! ልጄን!»

በባዶ እግሬ ወረድኩ። እትዬ ብርቄና ሌሎቻችሁ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ፎቁን ተሳስታችሁ፣ እያለቀሳችሁ ከእኔ በታች የምትኖረው እትዬ ጫልቱ ቤት ገብታችኋል። ያኔ ስሟን እንኳ አላውቅም። መሬት ላይ ትንከባለላለች። ልጇ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። በማለዳ ያ ሁሉ የሚያለቅስ ሰው በሯ ላይ ሲቆም፣ የልጇን መርዶ ይዞ የመጣ መሰላት።

«የኔ እናት፣ የሞተው የእሷ ባል ነው፤ ያንቺ ልጅ አይደለም» ትላታለች እትዬ ብርቄ፣ እኔን እያሳየች። አትሰማም።

«ደውዪለት» አልኳት።

«አልችልም። አንቺ ደውዪ።»

በስልኳ ደወልኩ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። በዚያች ሰዓት ባለቤቴን ረስቼው ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ይገርመኛል።

«እማዬ፣ ምነው በጠዋቱ? ጎማ እየቀየርኩ ነው እኮ።»

እትዬ ጫልቱ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ከእናንተ ጋር ወደ ቤቴ ወጣች። አይታው ለማታውቀው ሰው ከሁላችሁም በላይ አለቀሰችለት።

አሁን ገመቹ በደወለ ቁጥር ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ትወጣለች። ትናንት አመሻሽ «አንቺም ሰላም በዪው» ብላ ሰጠችኝ። ሰላም ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ባለቤቴን በየምሽቱ ደውዬ እጠይቀው የነበረው ነው።

«የት ደረስክ?»

«ሞጆን አልፌያለሁ፣ እትዬ። መግባቴ ነው።»

ስልኩን መለስኩላት። እሷ እራቱን ልታሰናዳለት ወረደች። እኔ በሩን ሳልዘጋ ተቀመጥኩ።