እናቴ የለካችው ስክሪን

አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ፣ ዛሬም ከየትም ይምጣ፣ ወደ ሉማሜ፣ ወደ መንገድ ዳሩ ቤታችን ይመልሰኛል። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን በሩ አጠገብ አስቀምጣ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። አባቴ አስማማው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ወገቡን ታሞ መሪውን ከተወ ወዲህ ግን ደጃፍ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች እያየ ይውል ነበር።

አንድ ክረምት ከደብረ ማርቆስ ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዝቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከዝናቡ በጋቢው ሸፍኖ መጣ። ሰፊውን ክፍላችንን የኳስና የፊልም ማሳያ ሊያደርገው ቆርጦ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ስክሪኑ ግድግዳውን ሙሉ መሸፈን አለበት» አለ።

እናቴ «ለክፍሉ አይበዛም?» ብትለው፣ «ትልቅ ካልሆነ ማን ይመጣል?» አላት፤ እሷም አቡጀዲውን ቀጣጥላ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ስክሪን ሰፋችለት።

የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ምስሉ ወደ ጎን ሰፊ ስለነበር፣ አባቴ ስክሪኑን እንዲሞላለት ወደ ላይ ሲለጥጠው ተጫዋቾቹ ሁሉ እንደ መቃ ቀጠኑ፣ መልካቸውም ገረጣ። ኳሱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሰው ራስ ጀርባ ይጠፋ ነበር፤ የኋላዎቹ «ዝቅ በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ የፊተኞቹ አንጋጠው አንገታቸውን ያሻሉ። አግዳሚዎቹን የሠራልን አናጢው ጎረቤታችን ጋሼ ይርዳው እንኳ ከእረፍት በፊት ተነሥቶ «አስማማው፣ ይቅርታ፤ አንገቴ አልቻለም» ብሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አባቴ መሣሪያውን አጠፋና ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በማግስቱ እናቴ ፕሮጀክተሩን ራሷ አብርታ፣ እኔን ከመጨረሻው አግዳሚ፣ እኅቴን ከፊተኛው አስቀመጠችን። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጨርቁን በጠመኔ እያሰመረች «አንቺ፣ ምስሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብሻል? አንቺስ፣ ሳታንጋጥጪ ዳር እስከ ዳር ይታይሻል?» ትለን ነበር። መቀሱን ስታነሣ አባቴ ብቅ አለ።

«ልትቆርጪው ነው?»

«ክፍሉ የሚችለው ይህን ያህል ነው። አንተስ አውቶቡሱን በማያስገባው በር አስገብተህ ታውቃለህ?»

አባቴ መጥቶ የጨርቁን ጫፍ ያዘላት።

ከመጨረሻው አግዳሚ እስከ ግድግዳው ለክታ፣ ወርዱን የዚያን ግማሽ፣ ቁመቱን ደግሞ ከወርዱ ግማሽ በጥቂቱ በለጥ አደረገችው። የታችኛውን ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ሰቀለችው፤ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ዘመዘመችው፤ የፊተኛውንም አግዳሚ ወደ ኋላ አስሳበችው።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ከደረቀ ወዲህ ክፍላችን ሰው አጥቶ አያውቅም። በጋውን ሙሉ «ምስሉ እንዴት ጠራ! መሣሪያ ቀየርህ እንዴ?» የሚለው ሲመጣ፣ አባቴ ወደ ስፌት መኪናዋ እየጠቆመ «እሷ ናት የለካችው» ይል ነበር።

ዛሬ እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአዳራሾችና ለመማሪያ ክፍሎች ስክሪን እሰቅላለሁ። ስክሪኑ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ቁልፍ ሲነካ ይወርዳል፣ ርቀቱንም በጨረር እለካለሁ፤ እሷን ሁለት ቀን የፈጀባት ሥራ እኔን ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። ግድግዳውን ሙሉ ካልሆነ የሚል ደንበኛ ሲገጥመኝ አልከራከርም፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጬ አሳየዋለሁ። ሰዎች «ባለሙያዋ» ይሉኛል፤ ደብዳቤ ላይም እንዲሁ ይጽፉልኛል። እናቴን ግን ያን ሁሉ ስትለካና ስትቆርጥ እንዲያ ብሎ የጠራት አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።