የኔታ እጃቸውን የሰበሰቡበት ዓመት

እኛ የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ውስጥ “ተግባራዊ ምርምር” ሲባል ፊቱ የማይጠቁር መምህር አልነበረም። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ችግር ይመርጣል፣ ለምን እንደሆነ ያጠናል፣ አሠራሩን ይለውጣል፣ ምን እንደመጣም ጽፎ ያስገባል። በተግባር ግን ሁሉም ከኢንተርኔት አውርዶ ስሙን ይለጥፍበትና የደረጃ እድገቱን ይጠብቃል። ርዕሱ በየዓመቱ “የሰልጣኞች ማርፈድ መንስኤና መፍትሔ” ነው፤ ጥፋተኞቹም ሁልጊዜ ሰልጣኞቹ ናቸው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ባስገባው ጥናት ሰልጣኞቹ የሚያረፍዱት በከተማ አውቶቡስ ሰልፍ ምክንያት ሆኖ አገኘሁት። ማሰልጠኛችን ያለችው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ከባጃጅና ከፈረስ ጋሪ በቀር ሌላ መጓጓዣ አይተን አናውቅም።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ለቀናት መስሎን ነበር፤ ወራት ሆነ። የሚወርድ ነገር ሲጠፋ መምህራኑ ጭንቅ ያዛቸው፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እንግሊዝኛ ነበር የማስተምረው። የማሰልጠኛችን ዲን ምላሴ እንደማያርፍ ያውቃልና “አንቺ እንደሆነ ስትጠይቂ ነው የምትውይው፤ በደመወዝ ጠይቂ” ብሎ የምርምር አስተባባሪ አደረገኝ። ሥራዬ መምህራኑ የራሳቸውን ሥራ እንዲመረምሩ ማገዝ ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን ቢሮዬን የረገጠ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የመጡት፣ ይመጣሉ ብዬ ፈጽሞ ያልጠበቅኋቸው ሰው ነበሩ። የብየዳ አሰልጣኛችን፤ ሁላችንም “የኔታ” ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ድቁናም ተቀብለዋል፤ ስሙ ግን የመጣው ከዚያ ሳይሆን ከሚከበሩበት መጠን ነው። እሳቸው ሲገቡ የማይነሳ ሰው የለም። የበየዱትን ብረት በእጅ ቢዳስሱት የብየዳው መስመር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በዙሪያችን ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በርና መስኮት ብዙው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው።

ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

“አንች ልጅ፣ ይኸ ምርምር የምትሉት ነገር፣ የሰውን ጥፋት ይፈልጋል ይባላል። እውነት ነው?”

“የራስን ከሆነ አዎ፣ የኔታ።”

“እንግዲያ የኔን ፈልጊልኝ” አሉ።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ከፊታቸው የሚያነሳው ግን አልነበረም። ሰልጣኝ ሥልጠናውን ሲጨርስ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ይወስዳል። ያላለፈ ሰው በሙያው ተቀጥሮ መሥራት ይቸግረዋል። የየኔታ ሰልጣኞች ባለፈው ዓመትም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም አብዛኞቹ ወድቀዋል። ዲኑም በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጎ ነግሯቸዋል፤ ዘንድሮም ከወደቁ ወርክሾፑን ለሌላ ሰው አስረክበው መጋዘን ይገባሉ፣ ዕቃ ይቆጣጠራሉ።

“መጋዘን ማለት ለኔ መቃብር ነው” አሉኝ። “ያም ሁኖ የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። ልጆቹ እዚህ ሲሠሩ ታያለሽ፣ ሥራቸው ያምራል። እዚያ ሲሄዱ ምን ይነካቸዋል? ወይ መዛኙ ክፉ ነው፣ ወይ እኔ የማላውቀው ነገር አለ። መዛኙን ክፉ ማለት ይቀለኝ ነበር።”

ይህን ሲሉ በጣም ወደድኳቸው። በዚያ ዕድሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እየተነሳላቸው፣ ጥፋቱ ምናልባት የኔ ይሆናል ብሎ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የምርምር መመሪያው የሚያዝዘውን አደረግን። ባልደረቦቻቸው ክፍላቸው ገብተው ሲያስተምሩ እንዲታዘቧቸው ጋበዝን። መምህራኑ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ከኋላ ተደርድረው ቆሙ። ትምህርቱ ሲያልቅ “እስቲ አስተያየት” አልኩ። አንዱ “እኛ ከየኔታ እንማራለን እንጂ ምን እንላለን” አለ። ሁለተኛው ዕድሜ ይስጥልን አለ። ሦስተኛው፣ እሱ እንኳ ደፋር ነው ብዬ የተማመንኩበት፣ እጁን ዘርግቶ መረቃቸው። ቆሽቴ አረረ። ሰልጣኞቹን “ገብቷችኋል?” ብዬ ብጠይቃቸው በአንድ ድምፅ “ገብቶናል!” አሉ።

የኔታ ሲወጡ ከኔ የባሰ ተናደው ነበር። “በሽታየን ፈልጉልኝ ብየ ብጠራችሁ መርቃችሁኝ ሄዳችሁ!” አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ “የሰው ዓይን ያፍራል። የማያፍር ዓይን የለሽም?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“ስልኬ አያፍርም” አልኩ።

ስልኬን ወርክሾፑ መስኮት ላይ አስደግፌ መቅረጽ ጀመርኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ፀጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር፤ ወዲያው ረሱት። በሳምንቱ የኔታን ቢሮዬ ጠርቼ፣ ሻይ ቀድቼ፣ የተቀረጸውን ከፈትኩላቸው።

አንድ ልጅ ጭንብሉን ደፍቶ ይጀምራል። ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ይጣበቅበታል። የኔታ “እስቲ አምጣ” ይላሉ። ልጁ ሆልደሩን፣ ማለትም የኤሌክትሮዱን መያዣ፣ በሁለት እጁ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ያቀብላቸዋል። እሳቸው መስመሩን ጥርት አድርገው ይጨርሱታል። ልጁ “እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ” ብሎ ይመለሳል። ቀጣዩ ይመጣል። ይጣበቅበታል። “እስቲ አምጣ።” ቀጣይዋም እንደዚሁ።

“መልሽው” አሉኝ። መለስኩት። እንደገና አዩት። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮቱ በኩል ወርክሾፑ ደጅ የተደረደረውን አዩ፤ ወንበሩን፣ አልጋውን፣ የመስኮት ፍሬሙን፣ “የሰልጣኞች ሥራ” ተብሎ ለእንግዳ የሚታየውን ሁሉ።

“ያ ሁሉ የኔ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “አንድም የልጆቹ የለበትም። ሲኦሲ ላይ ሆልደሩን ማን ይቀበላቸው?”

እኔም ከኋላ ቆሜ ስንት ቀን ስመለከት ይህ ነገር አልታየኝም። እንዴት ይታየኛል? እኛ አገር ትልቅ ሰው ወደ ሥራህ እጁን ከዘረጋ ትሰጣለህ። ሸክምም ይሁን፣ መጥረቢያም ይሁን፣ ሞፈርም ይሁን። “አይ፣ እኔው ልጨርሰው” የሚል ልጅ ስድ ይባላል። ልጆቹ ሰነፎች ሳይሆኑ በደንብ ያደጉ ነበሩ። እሳቸውም ኩራት ይዟቸው አይደለም፤ የተበላሸ መስመር ዓይናቸው ፊት ማለፍ አንጀታቸውን ይበላዋል። በሁለት ደግነት መካከል ትምህርቱ ጠፍቶ ቀረ።

“እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ” አልኳቸው። ሞከሩ። ግን እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው ይወጣል። ገና ኤሌክትሮዱ ሲንጣጣ እጃቸው አየር ላይ ነው፤ ልጁም ገና ሳይጠየቅ እያቀበለ ነው። “እጀ አልሰማኝም አለ” ብለው ቢሮዬ መጥተው ተከዙ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ወርክሾፑ ውስጥ ሰብስበው ቆሙ። እኔ ስልኬን እያስተካከልኩ ነበር።

“ልጆች፣ ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሆልደሩን አምጡ ብየ ብጠይቃችሁ እንዳትሰጡኝ። ብቆጣም እንዳትሰጡኝ። ብለምንም እንዳትሰጡኝ። ገዝቻችኋለሁ!”

ግዝት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ከበር የቆመው ዘበኛ “ግዝት የቄስ ነው” ብሎ አጉረመረመ፤ ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፉ።

ከነሱ መካከል ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። እቤቷ አዊኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛዋ ጥሩ ቢሆንም ድምፅዋ አይሰማም። ከሁሉም ደካማዋ እሷ ነበረች። የምትበይደው መስመር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የዶሮ ኩስ ነበር የሚመስለው። ግዝቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቱቦላሬ፣ ያን ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ ለማያያዝ ተራዋ ደረሰ። ኤሌክትሮዱ ተጣበቀባት። ነቀለችው፤ እንደገና ተጣበቀ። ብረቱ ተበሳ። የኔታ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ግዝቱንም ራሳቸውንም ረስተው እጃቸውን ዘረጉ።

“አምጭ!”

ልጅቱ አልሰጠችም። ሆልደሩን በሁለት እጇ ወደ ደረቷ ሳበችው።

“አምጭ ብየሻለሁ!”

“የኔታ” አለች፣ “ገዝተውናል።”

የዚያን ቀን ድምፅዋ ለሁላችንም ተሰማ። የኔታ ፊታቸው ደም መሰለ፤ በሕይወታቸው አንድ ልጅ እንዲህ እምቢ ብላቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ የተዘረጋውን እጃቸውን አጥፈው ወደ ኋላቸው ወሰዱና አንዱን በሌላው ጨበጡት።

“ልክ ነሽ” አሉ። “ቀጥይ።”

ቀጠለች፤ ግን እንዴት እንደምትቀጥል የሚነግራት ያስፈልጋታል። የኔታ አፋቸውን ከፍተው ቃል አጡ። ለካ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው ተናግሮት አያውቅም! እየተንተባተቡ ፈለጉት። “አትራቂ… ወደ ብረቱ ቅረቢ… አይደለም፣ በጣም አትቅረቢ፣ ይጣበቃል። እ… ድምፁን ስሚው። ድምፁ ሥጋ ሲጠበስ ካልመሰለ ልክ አይደለም። ከፈነዳ ርቀሻል፤ ዝም ካለ ተጣብቋል። ጥብስ፣ ጥብስ ይበል።” ልጅቱ ጭንብሏን ደፍታ ጆሮዋን አቀናች። ትንሽ ቆይቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ጥብስ የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ ስለ ብየዳ ምንም የማላውቀው ሴት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ለየኔታ ከባድ ነበሩ። ደጅ የሚደረደረው ዕቃ በየሳምንቱ እየከፋ ሄደ። ወንበሩ ጠመመ፣ የአልጋው መገጣጠሚያ ጎበጠ። ዲኑ አንድ ቀን ዕቃውን እየዞረ አይቶ፣ “የኔታ፣ ምን ነካዎት? ምዘናው ደርሶ እንዲህ ያለ ሥራ ያሳዩኛል? መጋዘኑን የተናገርኩት ለቀልድ አይደለም” አላቸው። እኔ ልመልስለት ስቁነጠነጥ በዓይናቸው ከለከሉኝ። “ይክፋ” አሉት። “የራሳቸው ነው።” በየዕለቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በልጆቹ መካከል ሲዞሩ፣ ጣቶቻቸው እርስ በርስ ሲታሹ አይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጥንካሬ የማውቀው ሁዳዴን ሙሉ በሚጾሙ ሰዎች ላይ ብቻ ነው።

ምዘናው ፍኖተ ሰላም ነበር። የኔታ መግባት አይፈቀድላቸውምና ከአጥሩ ውጭ፣ የባጃጅ ተራው ጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ወጡ፤ የከፋውም ደስ ያለውም ነበር። እነሱን ምንም አልጠየቋቸውም። የቡሬዋ ልጅ ከሁሉም ዘግይታ ወጣች። ፊቷ ጥላሸት ነው። መጥታ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

“ድምፁስ?” አሏት።

“መጀመሪያ ተጣበቀብኝ፣ የኔታ። ቀና ብየ አየሁ፣ እርስዎ የሉም።” ትንሽ ፈገግ አለች። “ነቀልሁት። ከዚያ በኋላ ሲጠብስ ዋለ።”

የኔታ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ጋሪ ነጂው ሁሉ እያየ ተንሰቀሰቁ።

ውጤቱ ሲመጣ አብዛኞቹ አለፉ፤ ልጅቱም ካለፉት ውስጥ ነበረች። የቀሩትን የኔታ እንደገና አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። የመጋዘኑን ነገር ዲኑ ዳግመኛ አላነሳውም። ምርምራቸውን እየነገሩኝ ጻፍኩት፤ ለመምህራን ሲያቀርቡም በቪዲዮው “እስቲ አምጣ” የሚሉበትን ቦታ ራሳቸው ከፍተው አሳዩ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። በማግስቱ ያ እጁን ዘርግቶ መርቋቸው የነበረው መምህር ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ “ያን የማያፍር ስልክሽን ይዘሽ እኔም ክፍል ብትመጪ” አለኝ። ስለ ማርፈድ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ክረምቱ ሲገባ የማሰልጠኛው ዋና በር ማጠፊያው ተሰበረ። ዲኑ የኔታ እንዲሠሩት ለመናቸው። “ልጆቹ አሉ” ብለው አለፉ። ልጆቹ በየዱት። መስመሩ ወፍራም ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ጎብጧል፤ ግን ይኸው ይዟል። የኔታ በየጠዋቱ ሲገቡ እዚያ ጉብታ ላይ ቆም ይላሉ፤ ለምን እንደሚቆሙ የማያውቅ እንግዳ የሚታረም ነገር ያዩ ይመስለዋል። እጃቸውን ከኋላቸው ያወጣሉ፣ ጉብታውን አንዴ ዳሰስ ያደርጉታል፣ መልሰው ያጣምሩና ወደ ወርክሾፑ ይሄዳሉ።