በዕርድ ቀን የተሰበሰበው ኮሚቴ

ወልቂጤ ውስጥ የአንድ ድርጅት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ይህን ስናገር አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረው፦ ሰብሳቢው የሰው ሀብት ኃላፊ፣ እሱ ያለውን ሁሉ «እደግፋለሁ» የሚል የንብረት ክፍል ሰውዬ፣ እና እኔ። ሥራችን ሠራተኛ ሲከሰስ ግራ ቀኙን ሰምቶ መወሰን ነው ይባል ነበር። እኛ ግን አለቃን ከሰማን ሌላውን መስማት ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች አስከትሎ ገና ባልደረቀ ወለል ላይ በጭቃ ጫማው ሊያልፍ ሲል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ «ጌታዬ፣ እባክዎ ጫማዎን ይጥረጉ» አለችው። በቃ፣ ይኼው ነው ጥፋቷ። ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከዚያ ሥራ ሌላ ምንም አልነበራትም። ከበዓል ስትመለስ «በከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ጠበቃት።

ፍርድ ቤት ትሄዳለች ብሎ ማን ገመተ? ሄደች። የድርጅቱ ጠበቃ «ከመባረሯ በፊት እሷን የሰማችሁበት ቃለ ጉባኤ የታለ?» ሲለን፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ጭራሽ አልነበረንም። ሰብሳቢያችን ግን ምን ይሳነዋል! የግድግዳውን ካላንደር ወደ ኋላ ገልጦ፣ ከደብዳቤው በፊት ቀይ ያልተቀባ ቀን ፈለገና ጣቱን አሳረፈበት። «እዚህ ጋ ተሰብስበናል፤ ጻፍ።» ጻፍኩ። «ተከሳሿ ቀርባ ተጠይቃ፣ የምናገረው የለኝም ብላለች» የምትለዋን ከራሴ ጨመርኩ። ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልጠየቃትም። ሦስታችንም ፈረምን።

የተመረጠው ቀን የመስቀል ዋዜማ ነበር። በካላንደሩ የሥራ ቀን ነው። በጉራጌ ግን የዕርድ ቀን ነው፤ መርካቶ ያለው ነጋዴ እንኳ ሱቁን ዘግቶ አባቱ ደጅ የሚገኝበት። ያን ቀን ቢሮ የሚውል ጉራጌ ወይ ታሟል ወይ ከዘመድ ተጣልቷል። ሦስታችንም የዚሁ አገር ልጆች ሆነን አንዳችንም ልብ አላልነውም፤ ሰው ማባረር እንዲህ ያፈዝዛል።

ዳኛዋ ግን ልብ አሉ። ሰብሳቢያችን ምሎ ቆሟል።

«የመስቀል ዋዜማ ዕለት ተሰብስባችኋል?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«አገርዎ የት ነው?»

«እምድብር።»

«ታዲያ ያን ቀን አባትዎ ቤት ማን አረደ?»

ሰውየው ሒሳቡን ሠራ። እዚህ ነበርኩ ቢል ወሬው እምድብር ከእሱ ቀድሞ ይገባል፤ የአባቱን ዕርድ ትቶ ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ሲካሰስ ዋለ ይባላል። ምሎ መዋሸት አልከበደውም፤ ይኼ ግን ከበደው። «እኔ ነኝ ያረድኩት» አለ ኮራ ብሎ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀርቼ አላውቅም።» ጠበቃችን ፋይሉን ከደነ። እኔም ተጠየቅኩ፤ ቡታጅራ እናቴ ቤት እንደነበርኩ ተናገርኩ። ንብረት ክፍሉ፣ እንደ ልማዱ፣ የኛን ደገፈ።

ስንብቱ ሕገወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ተባለ።

ደጅ ላይ አገኘኋትና ምንም እንዳላደረግሁ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ» አልኳት።

«ልጆቼ ምን አጥፍተሽ ነው ይሉኝ ነበር» አለች። «ምንም አላጠፋሁም ብላቸው ማን ያምነኛል? ኮሚቴ ተቀምጦ የወሰነው ነው። ኋላ ኋላ እኔም ሳላውቀው የሆነ ነገር አጥፍቼ ይሆናል ብዬ ሌሊት ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አንተ እኮ አንድ ፎቅ ብቻ ከላዬ ነበርክ፤ ደረጃውን ወርደህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ይቅርታ ልላት ስል ባጃጅ አስቆመችና ሄደች።