በጋዜጣ የደረቀች አበባ

አብዮቱ ለዛፍ ያለው ፍቅር ወሰን አልነበረውም፤ በተለይ ለባሕር ዛፍ። ከብልባላ አለፍ ብሎ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተከልበት ሲታቀድ፣ እኔ ከጥዱና ከወይራው ሥር የሚያብቡትን ትንንሽ ዕፅዋት እንድመዘግብ ተላክሁ። ሌላ ቦታ ያልታየ አንድ ተክል ከተገኘ ደኑ ሳይነካ ይቆያል፤ ካልተገኘ መጥረቢያው ዝግጁ ነው። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?

የደብሩ ሽማግሌ ቄስ እየመሩኝ ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ እርጥብ ድንጋይ ተጠግታ የበቀለች፣ በየትኛውም መጽሐፌ ውስጥ የሌለች ሐምራዊ አበባ አገኘሁ። ከዓይነቷ በዚያ ወቅት ያበበችው እሷ ብቻ ነበረች። ከደስታዬ ብዛት ቄሱን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ተክል ለናሙና የሚደርቀው በጋዜጣ መሃል ተደርጎ፣ በሁለት ጣውላ ተጨምቆ ነው። ያኔ ደግሞ የመሪያችን ፎቶ የሌለበት ጋዜጣ ማግኘት አበባዋን ከማግኘት ይከብድ ነበር። አበባዋ ደረቀች፤ ቀለሟንም ለቀቀች። የት? በመሪያችን ጥርስ ላይ።

ሥራውን ሊጎበኝ የመጣው ካድሬ፣ ቄሱ ቆመው እያዩ፣ ጣውላውን አስከፈተኝ።

"ጓድ፣ ይህን አፋቸው ላይ ያደረገው ማነው?"

"አበባ ሲደርቅ ቀለም ይለቃል፣ ጓድ።"

"ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ለምን አልለቀቀም?"

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው ተረት ከንጉሡ ጋር አብሮ የወረደ መስሎኝ ነበር። ካድሬው እኔን በቁጣ ብቻ አለፈኝ፤ ጋዜጣውን ግን ከነአበባዋ ለማስረጃ ይዞ ወደ ላሊበላ ሄደ።

መሥሪያ ቤቴ ናሙናዋን ካላየሁ አላምንም አለ። ናሙናዋን የያዙት ደግሞ ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው አሉ። ሁለቱም ደንብ አክባሪዎች ስለነበሩ፣ አበባዋ ዳግመኛ የምታብብበት ክረምት ሳይገባ ደኑ ተመነጠረ። ወሬው ሲደርሰኝ ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ።

በዓመቱ ስመለስ ቄሱን ጉልበታቸው ድረስ በደረሰው ባሕር ዛፍ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። እንደምን ከረሙ ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጡኝም።

"አበባይቱስ ተፈታች?"

"ገና ናት፣ አባ።"

"እንግዲያስ ከልጄ ጋር ናታ" አሉ።

ልጃቸው ታስሮ ከተወሰደ ጀምሮ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው አልነበረም።